«ምን ሠርቼ ይርበኛል?»

በቤታችሁ በዕድሜ የገፉ አባት ወይም እናት ካሉ «ምነው እህል አልቀምስ አሉ?» የሚለውን ጥያቄ ሳትሰሙ አትቀሩም። ጎረቤት ይጠይቃል፤ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ይጠይቃል፤ እኛም ከሥራ ስንመለስ ቦርሳችንን ከትከሻችን ሳናወርድ ቤት የዋለውን ሰው እንጠይቃለን። መልሱም ብዙ ጊዜ ያው ነው። «ሁለት ጉርሻ ያህል ቀምሰው ተዉት።» በማግስቱም እንዲሁ፤ በሳምንቱም እንዲሁ። ከዚያ ቀሚሱ ይሰፋል፣ ቀለበቱ ከጣት ይወልቃል፣ የአንገት አጥንት ጎልቶ መታየት ይጀምራል።

ይህን ጊዜ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ማድ ቤት ነው። በርበሬው በዝቶ ይሆን? ጨው አንሶ ይሆን? እያልን ወጥ እንለውጣለን፣ አጥሚት እናፈላለን፣ ከመድኃኒት ቤት «የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ቪታሚን» እንገዛለን። ማድ ቤቱን መመርመር ክፉ አይደለም። እኔ ግን በዛሬው ጽሑፌ ላነሳላችሁ የፈለግሁት ሳሎኑን ነው፤ በተለይም አረጋውያኑን ያስቀመጥንበትን ወንበር። በብዙ የከተማ ቤት የአረጋውያን የምግብ ፍላጎት መጥፋት የሚጀምረው ከዚያ ወንበር ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ነገሩን በሩቁ እንዳላወራው ከራሴ ቤት ልነሣ። አማቴ የመንዝ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አራት ገደማ ነው፤ «ገደማ» ማለቴ እርሳቸው ራሳቸው ከዚህ አጥብበው ስለማይናገሩት ነው። ባለቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ በኋላ ልጆቻቸው ተሰብስበው «ከእንግዲህ ድካሙ በቃቸው፤ አዲስ አበባ መጥተው ይረፉ» ሲሉ ወሰኑ። የተመረጠውም የእኛ ቤት ሆነ። ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ። እንደ አብዛኞቹ የመጀመሪያ ዘመን ኮንዶሚኒየሞች አሳንሰር የለውም።

በአገራቸው ሳሉ የእማማ ቀን የሚጀምረው ጎሕ ሲቀድ ነበር። በጎቹን ከበረት ያወጣሉ፤ ገብስ ያሰጣሉ፣ ይወቅጣሉ፣ ይቆላሉ፤ ውኃ ይቀዳሉ፤ ሲመሽ እሳት ዳር ተቀምጠው ለባና የሚሆን የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታቸው የግማሽ ሰዓት መንገድ ሲሆን፣ ዳገትም አለበት። እኛ ቤት ሲመጡ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ቆመ። ሊነሡ ሲሉ «ይቀመጡ እንጂ፣ እማማ!»፤ ሳሕን ሊያነሡ ሲሉ «ኧረ ነውር ነው!»፤ ቡናውን እኔ ልቁላው ሲሉ «ጭሱ ዓይንዎን ይጎዳዎታል» ሆነ። የባለቤቴ ታላቅ እኅት በመጣች ቁጥር ከጀርባቸው አንድ ትራስ ትደርባለች።

በዚህ ማንንም አልወቅስም። ያደግንበት ሥርዓት ነው። ትልቅ ሰው ቆሞ ወጣት አይቀመጥም፤ እጅ የሚያስታጥበው ታናሽ ነው፤ ወላጅን ማሳረፍ የልጅ ወግ ነው። ይህ ሥርዓት በገጠር ሰውን አይጎዳም፤ ልጆች ቢያሳርፉ እንኳ በጓሮው ጎመን አለ፣ ከጓሮው ማዶ ጎረቤት አለ፣ ከጎረቤት ማዶ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እግር ሳይንቀሳቀስ አይውልም። በአራተኛ ፎቅ ግን «ይቀመጡ» የተባለ ሰው በእርግጥም ይቀመጣል። ከወንበር እስከ መጸዳጃ ቤት፣ ከመጸዳጃ ቤት እስከ ወንበር። በቃ።

ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። እንደ መጡ ለደም ግፊት ምርመራ ሲሄዱ 52 ኪሎ ይመዝኑ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ 47 ሆኑ።

ኪሎው ሲቀንስ የቤታችን አየርም ተለወጠ። ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ሁሉ አንድ ጊዜ እርሳቸውን፣ አንድ ጊዜ እኔን ማየት ጀመረ። «ለመሆኑ እዚህ ምን ይበላሉ?» ይባላል፤ በለሰለሰ ድምፅ። ምራት የሆናችሁ አንባብያት ይህችን አነጋገር ታውቋታላችሁ። በጥያቄ መልክ የምትቀርብ ክስ ናት። እርሳቸው ከሲታ በሆኑ ቁጥር በዘመድ ዓይን የሚመዘነው የምራቲቱ ደግነት ነው። ባለቤቴ በበኩሉ በየማታው ጉርሻ ጠቅልሎ «በሞቴ!» ይላቸዋል። እናት ናቸውና የልጃቸውን ሞት አይወዱም፤ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ በግድ ይውጣሉ። በማግስቱ ግን ገበታ ሲቀርብ ፊታቸው አስቀድሞ ይጨልማል። በመሐላ የሚበላ ምግብ ምን ሊጣፍጥ!

በመጨረሻ ወደ ሐኪም ወሰድናቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው። ምን እንደሚበሉ እኛን ከጠየቀን በኋላ ወደ እርሳቸው ዞር ብሎ «እማማ፣ ቀን ቀን ምን ሲሠሩ ይውላሉ?» አላቸው። እማማም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፣ ምን ሠርቼ ይርበኛል? ቁርሱ ሳይወርድልኝ ምሳ ይመጣል፤ ምሳው ሳይወርድ መክሰስ። እንዲህ ታስሮ የሚቀለብ እኔ የማውቀው የፋሲካ ሙክት ነው።»

ሐኪሙ ሳቀ። እኛ ግን አልሳቅንም።

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ ስለ ሰውነታችን አሠራር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዕድሜ ሲገፋ የምግብ ፍላጎት መቀነሱ በራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። መቅመስና ማሽተት ይደክማሉ፤ ይበልጥ የሚደክመው ማሽተት ነው፤ የወጥ ጣዕም ብዙው ክፍል ደግሞ የሚገኘው በአፍንጫ በኩል ነው። ጨጓራ እንደ ወጣትነት ጊዜ በቀላሉ ስለማይለጠጥና ምግቡን ወደ አንጀት የሚያሳልፈውም በዝግታ በመሆኑ በጥቂት ጉርሻ የጥጋብ ስሜት ይመጣል። ጥጋብን ለአንጎል የሚያስታውቁት ሆርሞኖችም ይበረታሉ። ስለዚህ አንድ አረጋዊ በሦስተኛው ጉርሻ «ጠገብሁ» ሲሉን ይሉኝታ ይዟቸው ነው ብለን አንጠራጠር፤ በእውነት ጠግበዋል። የጥም ስሜትም እንዲሁ ስለሚደክም ውኃ ሳይጠሙ ሰውነታቸው ሊደርቅ ይችላል።

በዚህ ላይ መቀመጥ ሲጨመርበት ነገሩ ይከፋል። የማይሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል። ጡንቻ የሰውነት ትልቁ ምግብ ተጠቃሚ ስለሆነ እርሱ ሲሳሳ ሰውነት የሚፈልገው ምግብም አብሮ ያንሳል። እንቅስቃሴ ያጣ አንጀት ይዘገያል፤ ሆድ ይደርቃል፤ ሆዱ የደረቀ ሰው ደግሞ እህል አያምረውም። ቀን ወንበር ላይ ያንቀላፋ ሰው ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም፤ ሲነጋ ደክሞት ያድራል። የደከመ አይነሣም፤ ያልተነሣ አይርበውም፤ ያልበላ ደግሞ ይበልጥ ይደክማል። ሰውየውን ከዚህ ውስጥ በአጥሚት ብቻ ማውጣት አይቻልም።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) በአሜሪካ ጤናማ የሆኑ አረጋውያን ፈቃደኞች ለ10 ቀን ያህል ከአልጋ ሳይነሡ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። በእነዚህ 10 ቀናት ውስጥ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጥተዋል። ልብ በሉ፤ ሕሙማን አልነበሩም፤ ምግብም አልጎደለባቸውም። ጉንፋን ይዟቸው ሳምንት የተኙ እናታችን ሲነሡ ለምን እንደሚንገዳገዱ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ ግን እኔን የመሰጠኝ ማሪያ ፊያታሮን የተባሉ ሴት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በቦስተን ከተማ ያካሄዱትና በ1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1994) ለኅትመት የበቃው ጥናት ነው። የተጠኑት በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ 100 ሰዎች ሲሆኑ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 87 ዓመት ነበር። በአራት ከፈሏቸው። አንዱ ክፍል በሳምንት ሦስት ቀን እግርን የሚያጠነክር ብርቱ እንቅስቃሴ ይሠራል፤ ሁለተኛው ኃይል ሰጪ መጠጥ ይጨመርለታል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ያገኛል፤ አራተኛው አንዱንም አያገኝም። ከ10 ሳምንት በኋላ እንቅስቃሴ የሠሩት የጡንቻቸው ኃይል ከእጥፍ በላይ ጨመረ። መጠጡን ብቻ ያገኙት ግን ኃይል አልጨመሩም። በቀን የሚወስዱት ጠቅላላ የምግብ መጠን ጎላ ብሎ የጨመረውም መጠጡንና እንቅስቃሴውን አንድ ላይ ባገኙት ዘንድ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ተቀምጦ ለሚውል ሰው የተጨመረለት ምግብ እምብዛም አልጨመረለትም። እኛ በየቤታችን በስኒ የምናቀርበውን አጥሚት አስቡት።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። እንቅስቃሴ ማለት ጠዋት ተራምዶ ምሳ ላይ እንደ ወዛደር መብላት ማለት አይደለም። እንዲያውም ሰው ደክሞት እንደ ተመለሰ ወዲያው ላይርበው ይችላል። ለውጡ የሚታየው በሳምንታት ነው፤ እንቅልፍ ሲስተካከል፣ ሆድ ሲለሰልስ፣ ልብ ደስ ሲለው። ደግሞም ሳይበሉ ብዙ መንቀሳቀስ የቀረችውን ጡንቻ ይጨርሳል። ምግቡና እንቅስቃሴው አብረው ነው የሚሄዱት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሐኪም! ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ሳይፈልጉት ከክብደታቸው ከመቶ አምስት እጅ ወይም ከዚያ በላይ የቀነሱ አረጋዊ መመርመር አለባቸው። 60 ኪሎ የነበሩ 57 ከሆኑ ማለት ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ሌሊት የሚያጠልቅ ላብ፣ የመዋጥ ችግር፣ ደም የተቀላቀለበት ወይም የጠቆረ ሰገራ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። ሳንባ ነቀርሳ፣ ካንሰር፣ የታይሮይድ፣ የኩላሊት ሕመም፣ የመርሳት በሽታ ሁሉም «እህል አልቀምስ አሉ» በሚል ስም ሊደበቁ ይችላሉ። መድኃኒትም አለ፤ ለምሳሌ ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ሜትፎርሚን በአንዳንድ ሰው የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። ይህ ማለት ግን በራስ ፈቃድ መድኃኒት ማቋረጥ አይደለም፤ የሚወስዱትን ሁሉ በከረጢት ይዞ ሄዶ ማሳየት ነው። ጥርስንም አስዩ። ሐዘንንም አትርሱ፤ የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው አረጋውያን የምግብ ፍላጎት ማጣት አንዳንድ ጊዜ መታከም ያለበት የመንፈስ ጭንቀት ነው።

የእማማ ምርመራ ብዙ ነገር አላሳየም። ሁለት የሚነቃነቁ መንጋጋዎችና ከባድ የሆድ ድርቀት ተገኙ። ጥርሶቹ ተነቀሉ፤ ለሆዱ መፍትሔ ተሰጠ። ለቀሪው ሐኪሙ «ከወንበር ያስነሷቸው» አለን።

ማስነሣቱ ግን እንደ ቃሉ ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ሥራ እንስጣቸው ተብሎ የቀረበላቸው ምስር መልቀም ነው። ወደዱት፤ እጃቸው ፈታ፤ ወሬም ተገኘ። ይሁንና ምስር መልቀምም ሆነ ጥጥ መፍተል የሚሠራው ተቀምጦ ነው። ልብን ያጫውታል እንጂ እግርን አያጠነክርም። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሥራ ብትሰጡ እሰየው፤ ነገር ግን ግዴታችንን ተወጣን አትበሉ። ጉልበት ያለው በጭንና በዳሌ ጡንቻ ነው፤ ሰውን ከወንበር የሚያስነሣው፣ ከመውደቅ የሚያድነውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ከወንበሩ ጀመርን። በጠንካራና ግድግዳ በተደገፈ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ መነሣትና መቀመጥ። ይህ እንቅስቃሴም መለኪያም ነው። አምስት ጊዜ ተነሥቶ ለመቀመጥ ከ15 ሰኮንድ በላይ የፈጀበት ሰው የእግሩ ኃይል መድከሙን ሐኪሞች ይናገራሉ። እማማ በመጀመሪያው ቀን ያለ እጅ ድጋፍ አንድ ጊዜም መነሣት አልቻሉም። በጎን ያለውን ጠረጴዛ እየያዙ ሦስት ጊዜ ሠሩ። ሁለተኛው፣ የመስኮቱን ደፍ ይዞ በእግር ጣት ከፍ ዝቅ ማለት ነው። ሦስተኛው፣ ግድግዳ ተደግፎ በእጅ መግፋት። ከዚያም ግማሽ ሊትር ውኃ የያዙ ሁለት ፕላስቲክ ጠርሙሶች በእጅ ይዞ ማንሣት። ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። ደረት የሚወጋቸው፣ ዐይናቸውን የሚያጨልማቸው ወይም በቅርብ የወደቁ ካሉ ግን ሐኪም ሳይፈቅድ አይጀመርም፤ ሲሠሩም አንድ ሰው አጠገባቸው ይቁም።

እማማ ይህን «የልጆች ጨዋታ» ብለው ነበር የናቁት። ያስታረቃቸው ስግደት ነው። «እማማ፣ በሑዳዴ ስንት ይሰግዱ ነበር?» ብላቸው ዓይናቸው በራ። እውነትም ይህ ባህላችን ያቆየልን እንቅስቃሴ ነው። መቋሚያ ይዞ ሰዓታት መቆም፣ ወድቆ መነሣት፣ በሙስሊም ወገኖቻችንም ዘንድ በቀን አምስት ጊዜ መቆም፣ ማጎንበስ፣ ተደፍቶ መነሣት ለጉልበት የሚሰጠውን ጥቅም የሚያውቅ ያውቀዋል። የጸሎት ዓላማው ሌላ ቢሆንም ማለቴ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020) ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ቢያንስ ሁለት ቀን፣ የሰውነትን ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ ደግሞ ሦስት ቀን እንዲሠሩ ይመክራል። ይኸው መመሪያ ጥቂትም ቢሆን ከምንም ይሻላል ይላል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። 150 የሚለውን ቁጥር ሰምታችሁ እንዳትደነግጡ፤ በሳምንት ሰባት ቀን ቢከፋፈል በቀን ሃያ ደቂቃ ጥቂት ፈቀቅ ቢል ነው።

አሁን ወደ ገበታው እንመለስ። ትንሽ ለሚበላ ሰው የሚቀርበው ምግብ በትንሹ ብዙ የያዘ መሆን አለበት። ቀጭን አጥሚትና ቀጭን ሾርባ ሆድ ይሞላሉ እንጂ አይገነቡም። አረጋውያን በየቀኑ ለእያንዳንዱ የክብደታቸው ኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን እንደሚያስፈልጋቸው ይመከራል፤ የኩላሊት ሕመም ካለ ግን መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። ለ50 ኪሎ ሰው ከ50 እስከ 60 ግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል አለው። በጾም ወራት ደግሞ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር አሉልን። ሽሮውን ወፈር ማድረግ፣ ምስሩን በዘይት ጠገብ ማድረግ፣ በሶውን በተልባ ወይም በሱፍ ማሸት ወጪው ቀላል ነው። እማማ ጥርሳቸው ከተነቀለ በኋላ ቆሎ ቢቀርባቸውም ሥልጆ በጣታቸው እየጠቀሱ ይበላሉ፤ ሰናፍጩ አፍንጫቸውን ሲነካው «አሁን ገና ምግብ ቀመስሁ» ይላሉ። ለደከመ የመሽተት ስሜት ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሰናፍጭ ወዳጅ ናቸው። ውኃውንና ሻዩን ከምግብ በፊት አታብዙ፤ ያቺኑ ጠባብ ቦታ ይይዝባቸዋል። በምግብ መካከል ግን ይጠጡ።

ሌላው ትልቅ ነገር አብሮ መብላት ነው። ሰው ከሰው ጋር ሲበላ ብቻውን ከሚበላው ይበልጥ እንደሚበላ በጥናት የታወቀ ነው፤ እኛማ ከአንድ ትሪ ቆርሰን የምንበላ ሕዝብ ይህን ከማንም ቀድመን እናውቀዋለን። ሆኖም የከተማ ኑሮ ሰዓታችንን በታትኖታል። እኛ የምንገባው በአንድ ሰዓት፣ ልጆች የሚበሉት በዐሥራ አንድ፣ አያት የሚበሉት በትንሽ ሳሕን ለብቻቸው ነው። እኛ ቤት ያደረግነው ቀላል ነው። የምሳውን ሰዓት ልጃችን ከትምህርት ቤት ከሚመለስበት ጋር አገናኘነው፤ እማማና የልጅ ልጃቸው ከአንድ ትሪ ይበላሉ። «በሞቴ» ተከለከለ። ባለቤቴ ይህን ለመተው ከእማማ ይልቅ ተቸግሮ ነበር።

ያልጠበቅነው ችግር የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። እማማ ብርታት ሲያገኙ ማድ ቤት መግባት ጀመሩ። ድስት ይገልጣሉ፣ በርበሬ ይቀምሳሉ፣ «ሽንኩርቱ አልበሰለም» ይላሉ። አብራን የምትኖረው የቤት ሠራተኛችን ተከፋች፤ «አላመኑኝም» ብላ ዕቃዋን ለመሸከፍ ደርሳ ነበር። የሌላውን የሥራ ቦታ መድፈር እንደሆነ ከእርሷ ወገን ሆኜ ስመለከተው ገባኝ። ተነጋግረን ከፋፈልነው። ቡና ማፍላትና በዕለቱ የሚያስፈልገውን ሽንኩርትና ቲማቲም ገዝቶ ማምጣት የእማማ ሥራ ሆነ፤ ድስቱ የልጅቷ። ጉልቱ ከግቢው በር ውጭ ነው። አሁን እማማ ዋጋ ሳይከራከሩ የሚገዙት ነገር የለም፤ በሁለት ብር የተነሣ ሩብ ሰዓት ይቆማሉ። ያ ሩብ ሰዓት በእግር ነው።

ጡረታ ስለሚወጡ አባቶችም አንድ ቃል ልጨምር። በአገራችን የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። እስከ ትናንት በየቀኑ ታክሲ ሲጠብቅ፣ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሠራተኛ በአንድ ጠዋት ከሬድዮና ከጋዜጣ ጋር ይቀራል። ሚስቱም «እስቲ አርፈህ ተቀመጥ» ትለዋለች። አንባብያት፣ እንዲህ አትበሉት። ዳቦውን እርሱ ይግዛ፤ የልጅ ልጁን ከትምህርት ቤት እርሱ ይመልስ፤ በሰፈሩ የጤና ስፖርት ቡድን ካለ ይመዝገብ።

የእማማ ክብደት ከሦስት ወር በኋላ 49 ኪሎ ሆኗል። 52 አልደረሰም፤ ላይደርስም ይችላል ብሎናል ሐኪሙ። ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ አምስት ጊዜ ይነሣሉ። ዘመድ መጥቶ «ምን ይበላሉ?» ሲል የሚመልሱት ራሳቸው ናቸው።

ያልተፈታልን የደረጃው ጉዳይ ነው። እማማ ራሳቸው ቆጥረውታል፤ ከቤታችን እስከ መሬት 72 ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 18 ወርደው ይመለሱ ነበር፤ ወር ሳይሞላ መሬት ደረሱ። ሲወርዱ አይቸገሩም፤ ሲወጡ ግን መካከል ላይ ማረፊያ ያስፈልጋቸዋል። በሕንፃችን ብቻ እንደ እርሳቸው ያሉ አራት አረጋውያን አሉ፤ ከእነርሱም አንደኛው ከዓመት በላይ መሬት አልረገጡም። በሁለተኛው ፎቅ ማረፊያ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር እንዲቀመጥ፣ በተሰበረውም በኩል የእጅ መደገፊያው እንዲጠገን ለነዋሪዎች ኮሚቴ ጽፈናል። ወንበሩ የዕቃ መተላለፊያ ያጠባል የሚል አስተያየት ተነሥቶ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። በእናንተም ሕንፃ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ጠይቁ፤ የአንድ አግዳሚ ወንበር ዋጋ ለስድሳ አባወራ ሲከፋፈል ከአንድ ኪሎ ስኳር አይበልጥም።

እስከዚያው ድረስ የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤታችን በራቸው ላይ አንድ በርጩማ አውጥተው አስቀምጠዋል። እማማ ከጉልት ሲመለሱ እዚያ ያርፋሉ፤ ጎረቤታችንም ድምፃቸውን ሰምተው ይወጣሉ። ባለፈው ማክሰኞ ምሳ አቅርበን ብንጠብቃቸው ቀሩብን። ልጁ ወርዶ ሲያያቸው በርጩማው ላይ ተቀምጠው ከጎረቤታችን ትሪ ፍትፍት ይበሉ ነበር።